ተገልብጦ የማይነበበው ፵፰፻፹፬

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ሳምንት አዲስ የስልክ ቁጥር አውጥቶ፣ ይህንኑ ሊያሳየኝ ደሴ ድረስ መጣ። ሰው ቤት ሲሠራ፣ ትዳር ሲይዝ፣ ልጅ ሲወልድ ለዘመድ ያሳያል፤ የኛ ልጅ ቁጥር ይዞ መጣ። «አክስቴ፣ እይው እስቲ! ከፊት ብታነቢው፣ ከኋላ ብታነቢው ያው ነው» አለኝ። ተራ ቁጥር ከሚያወጣ ሰው በላይ ከፍሎበታል። ምን ይሠራልሃል ብዬ ጠየቅሁት። «ክብር አለዋ!» አለ።

ቁጥር ክብር የለውም። ዕድሜ ልኬን ሂሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ አንድም ቁጥር በባለቤቱ ሲኮራ አላየሁም። ሻይ አጠጣሁት፤ ዳቦ በማር አቀረብኩለት፤ መርቄ ሸኘሁት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። እንዲህ ያለውን ቁጥር በገንዘብ ሳይሆን በጭንቅላቷ ያገኘች አንዲት ልጅ አውቅ ነበር። ምን እንዳደረጓትም አውቃለሁ፤ ዓይኔ እያየ ነው ያደረጉት።

ያደግሁት አስመራ ነው። አባቴ ከወሎ ተነስቶ ሄዶ፣ ገዛ ባንዳ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ሻሂ ቤት ከፍቶ ነበር። ያኔ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ፣ ኤርትራ አንዷ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ትግርኛ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አማርኛ ገብቷል። ለኔ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ለክፍል ጓደኞቼ ግን ሳይጠየቁ የተጫነባቸው ነበር። ታዲያ ምንም ሳልለፋ የክፍሉ ጎበዝ ተባልኩ። እነሱ ሌሊቱን ሲያጠኑት ያደሩትን ግጥም እኔ አንዴ አንብቤ እወጣዋለሁ፤ አስተማሪው ጭንቅላቴን ይዳብሰኛል። ሰው በእናቱ ቋንቋ በመናገሩ ሲሸለም ምን ያህል እንደሚያስቅ የገባኝ ገና ያኔ ነው።

የክፍል ጓደኛዬ ለተብርሃን ማይ ጭሆት ከሚባለው ሰፈር በአውቶቡስ ትመጣለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጆሮዎቿ ከሹሩባዋ ውጭ የሚታዩ ልጅ ነበረች። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ አደይ ኣብረኸት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ስምንተኛ ክፍል ነን። የዚያን ጊዜ የኛ ከተማ ልጆች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ፋቶሪኖ የምንለው ቲኬት ቆራጭ የሚሰጠንን የአውቶቡስ ቲኬት አንጥልም። ወረቀቱን መሐል ለመሐል እናጥፈዋለን። ቁጥሩ ሲታጠፍ ጫፍና ጫፉ አንድ ከሆነ፣ ለምሳሌ 2772 ወይም 30103 ከሆነ፣ «ታጣፊ» እንለዋለን። ታጣፊ ያገኘች ልጅ ፈተና አይከብዳትም ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም። እኔም ፌርማታ ላይ ከመሬት እየለቀምኩ ብዙ ሰብስቤ ነበር፤ ፈተናው ግን እንደ ልማዱ ከበደኝ።

ለተብርሃን ግን መሰብሰቡን ትታ መሥራቱን ጀመረች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቅን ሳለ፣ «ርአዪ፣ ዘሃራ» አለችኝ፤ እይ ማለቷ ነው። «ታጣፊ እስኪመጣልሽ ለምን ትጠብቂያለሽ? ሐምሳ ሰባትን ያዢ። ገልብጪው፣ ሰባ አምስት ሆነ። ደምሪያቸው።»

«መቶ ሠላሳ ሁለት። ይኸ ምኑ ታጣፊ ነው?»

«ቆይ እንጂ! እሱንም ገልብጪና ደምሪው።»

132 ላይ 231 ደመርኩ። 363 ሆነ። ታጠፈ። ሰውነቴን ወረረኝ። በ87 ጀመርን፤ ትንሽ ረዘም አለና 4884 ላይ ታጠፈ። በ89 ስንጀምር ደወሉ ተደውሎ፣ ክፍል ገብተን፣ ትምህርት አልቆም አልታጠፈም፤ እሷ ግን ቤቷ ወስዳ ስትደምር አመሸችና በማግሥቱ ታጥፎላት መጣች። 196 የሚባል ቁጥር ደግሞ ገጽ ሙሉ ደምራ፣ ሌላ ገጽ ጨምራ፣ እምቢ አላት።

የሂሳብ አስተማሪያችን ሚስተር ቶማስ ህንዳዊ ነበር። ዝናብ ይኑር አይኑር ጥቁር ጃንጥላ ይይዛል፤ ጫማው ሁልጊዜ ይብረቀረቃል። ለተብርሃን ወረቀቷን ስታሳየው አልሳቀባትም። ተቀምጦ እየደመረ አያት። ከዚያ 196ን እሱም እንደማያውቀው፣ ከሱ የሚበልጡ ሰዎችም መጨረሻውን እንዳላገኙት ነገራት። «አላውቅም» የሚል አስተማሪ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ባልደረቦቼ ከነበሩት መምህራን መካከል ይህን ቃል የደፈሩትን በአንድ እጄ ጣት እቆጥራቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሚስተር ቶማስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እያስቀረን እንግዳ እንግዳ ቁጥሮችን ያሳየን ጀመር። ፍጹም የሚባሉ አሉ፤ ከራሱ በቀር ስድስትን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት አንድ፣ ሁለትና ሦስት ሲደመሩ መልሰው ስድስትን ይሰጣሉ። ወዳጅ የሚባሉም አሉ፤ የ220 አካፋዮች ሲደመሩ 284፣ የ284 ደግሞ 220 ይሆናሉ። እኔና ለተብርሃን አንዳችን 220 አንዳችን 284 ነን ተባባልን። አሁን ሳስበው ያስቃል፤ ያኔ ግን ከልባችን ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። የዓመቱ መዝጊያ በዓል ሲደርስ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው እንደሚመጣ ተነገረ። ሰውየው የተማሪዎችን ሥራ አይቶ አንዲት ልጅ ይመርጣል፤ የተመረጠችዋ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ፣ በነፃ እየበላችና እየተኛች ሁለተኛ ደረጃዋን ትጨርሳለች። ለአብዛኞቻችን የወሬ ማሞቂያ ነበር። ለለተብርሃን ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። እናቷ ለመስከረም ከጎኗ ቦታ አስይዛላታለች፤ ካልተመረጠች ፋብሪካ ትገባለች። መምህራኑ ተሰብስበው የሷን ታጣፊ ቁጥሮች ከሥራዎቹ ሁሉ ፊት አደረጓቸው። ሚስተር ቶማስ ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

አሁን አቶ ዘውገን ላስተዋውቃችሁ። ምክትል ዳይሬክተራችን ነው። ከሸዋ ተልኮ የመጣ፣ ባለከዘራ፣ ሲራመድ ሆዱ የሚቀድመው ሰው። አንድ ነገር አልነፍገውም፤ የእጅ ጽሕፈቱ ያምር ነበር። ግን ጽሕፈት ያማረለት ሰው ሁሉ የሚጽፈው ነገር የገባው ይመስለዋል መሰለኝ። ከመምህራኑ ጋር ሲነጋገር ስለ ሀገር ይሰብካል፤ ሻይ ሲጠጣ ስለ ሀገር ይሰብካል፤ ልጅ ሲገርፍም ስለ ሀገር እየሰበከ ነው። እሱን ሳይ ሀገር የምትባለዋ ነገር የአቶ ዘውገ አክስት ትመስለኝ ነበር።

ከበዓሉ አንድ ቀን በፊት አዳራሹን ሊጎበኝ ገባ። እኛ የለተብርሃንን ሥራ ሰፊ ወረቀት ላይ ጽፈን ሰቅለናል፤ መጨረሻው ላይ 4884 በቀይ ተጽፏል። ከዘራውን ወደ ወረቀቱ ቀሰረ።

«ይኸ የፈረንጅ ቁጥር ምን ይሠራል? ክቡር እንግዳችን መጥተው የራሳችን ቁጥር እያለ ይህን ያያሉ? በግዕዝ ይጻፍ!»

ሚስተር ቶማስ በእንግሊዝኛ መለሰለት። «ሚስተር ዘውገ፣ በግዕዝ ቁጥር ይህ ነገር አይሠራም። ጨዋታው ራሱ ይጠፋል።»

«ቁጥር ቁጥር ነው። የኛ በምን ያንሳል?»

«አያንስም። የተለየ ነው እንጂ። ደግሞ ይህ የፈረንጅ የሚሉት፣ መነሻው ከኛ ሀገር ነው።»

«እንግዲያው የባሰ! እናንተ ህንዶች ቁጥር ታውቁ ይሆናል፤ እኛ ደግሞ ሀገር እናውቃለን» አለና ወረቀቱን በገዛ እጁ ከግድግዳው ላይ አወረደው።

አንባቢዬ እንዳይሳሳትብኝ፤ የግዕዝ ቁጥርን አልንቅም። ባሕረ ሐሳብ ሲሰላበት የኖረ፣ ለዓይን የሚያምር ነገር ነው። ግን አሠራሩ ሌላ ነው። አራት ለብቻው ምልክት አለው፣ አርባ ለብቻው፣ መቶ ለብቻው። 4884 በግዕዝ ፵፰፻፹፬ ነው፤ አርባ ስምንት መቶ ሰማንያ አራት። አምስት ምልክት፣ አንዱም ሌላውን አይመስልም። ከኋላ ላንብበው ብትሉ ምንም አይወጣችሁም። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ማየት ይበቃል። አቶ ዘውገ ግን ያን ሌሊት በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ ሁሉንም በግዕዝ ሲጽፍ አደረ። መደመሩንም፣ መገልበጡንም፣ ፵፰፻፹፬ንም በቀይና በወርቃማ ቀለም አስጊጦ ሰቀለው። ሥሩም «ይህ ቁጥር ከፊት ሲነበብም ከኋላ ሲነበብም አንድ ነው» ብሎ ጻፈ።

ጠዋት ደግሞ እኔን ጠራኝ። «አንቺ አንብቢው። የሷ አማርኛ ጉሮሮ ይበዛበታል። እሷ ዱላውን ይዛ ትጠቁም።»

ለተብርሃን አጠገቤ ቆማለች። ወረቀቱን አይታ ፊቷ ነጣ። «አቶ ዘውገ፣ ይሄ ልክ አይደለም» ስትለው «ዝም ብለሽ ጠቁሚ!» አላት።

ያን ቀን ጉም ገና ከቤቶቹ ጣሪያ ላይ አልተነሳም ነበር። አዳራሹ በወላጅ ሞላ። አደይ ኣብረኸት ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጥታ፣ ጸጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንግዳው ኮራ ብሎ ፊት ለፊት ተሰይሟል። መጀመሪያ የአቶ ዘውገ የእህት ልጅ ወጥታ ስለ ሀገር አንድነት ግጥም አነበነበች፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ ከቃላቱ ይታወቃል። ከዚያ የኛ ተራ ደረሰ።

ለተብርሃን ጠቆመች፤ እኔ አነበብኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «አርባ ስምንት መቶ ሰማንያ አራት። ከፊት ሲነበብም ከኋላ ሲነበብም አንድ ነው።»

እንግዳው መነጽሩን አደረገ። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ዓይኑን አይቻለሁ። ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ሊመለስ ሞከረ፤ መሐል ላይ ቆመ። አየው። ልክ እንዳልሆነ አየው። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘ፣ አቶ ዘውገን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ድንቅ ነው! በእርግጥም አንድ ነው!» አለና አጨበጨበ። አዳራሹ በሙሉ ተከትሎት አጨበጨበ። ሃያ ዓመት ቆጥረው ቆጥረው የሸመገሉ ነጋዴዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ የኛው መምህራን፣ ሁሉም አጨበጨቡ። እንደዚያ ቀን ሰው አስጠልቶኝ አያውቅም።

«ኣይኮነን» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለተብርሃን ናት። ጭብጨባው ሲያቆም በአማርኛ ደገመችው። «አይደለም፣ ጌታዬ። አንድ አይደለም።»

«ፈርታ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ አቶ ዘውገ እየሳቀ።

«አልፈራሁም። እስኪ ከኋላ ያንብቡት።»

ሰውየው ምን ያድርግ፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። «አራት... ሰማንያ... መቶ...» ብሎ ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አደይ ኣብረኸት ከተቀመጠችበት «ስቕ በሊ፣ ጓለይ» ስትል ተሰማ፤ ዝም በይ ልጄ ማለቷ ነው። ልጅቷ ግን ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄዳ ጠመኔ አነሳች።

«ቁጥሩ ጥፋት የለበትም። ታጣፊነቱ ያለው በአጻጻፉ ነው፤ አጻጻፉ ሲቀየር ይጠፋል። በማንም ፊደል ቢጻፍ የማይጠፋ ላሳይዎት» አለች። ፳፰ ብላ ጻፈች። በሥሩ ያለ ቀሪ የሚያካፍሉትን ደረደረች፤ ፩፣ ፪፣ ፬፣ ፯፣ ፲፬። ደመረቻቸው። ፳፰። «ይኼ ፍጹም ቁጥር ይባላል። በአቶ ዘውገ ቁጥር ቢጻፍም፣ በሚስተር ቶማስ ቁጥር ቢጻፍም፣ በጠጠር ቢቆጠርም ፍጹም ነው። ማንም አያዝዘውም።»

በአዳራሹ ውስጥ ምን እንዳለች የገባው አንድ ሚስተር ቶማስ ብቻ ነበር። ጃንጥላውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አላጨበጨበም።

እንግዳው ከሻይ በኋላ ውጤቱን ተናገረ። «ልጅቷ ብልህ ናት። ግን ሥነ ሥርዓት ይጎድላታል። ትምህርት ያለ ሥነ ሥርዓት ለሀገር አይጠቅምም።» ቦታው ለአቶ ዘውገ የእህት ልጅ ተሰጠ። ቀጥሎ ፎቶግራፍ ተነሱ፤ ከበስተኋላቸው ያ በወርቅ ቀለም የተጻፈ ውሸት ተሰቅሏል።

እኔና ለተብርሃን ትልቁን ጎዳና ይዘን ቁልቁል ወረድን። ዝናቡ ሊጀምር ነው፤ የመጀመሪያው በለስ ገብቶ አንዲት ሴት መንገድ ዳር በቅርጫት ትሸጣለች። እየላጠች ሰጠችን። አፌ አልቀመሰውም፤ ንዴት ይዞኛል፤ ያውም በለተብርሃን።

«ለምን ዝም አላልሽም? ለትንሽ ደቂቃ ዝም ብትዪ ኖሮ ሄደሽ ነበር እኮ!»

የበለሱን ፍሬ እያኘከች፣ «ዘሃራ፣ ያን አንድ ነው ብዬ ብሄድ፣ እዚያ ሄጄ ምን ልማር?» አለችኝ። «ደግሞስ ማን ሊያስተምረኝ? ያ ያጨበጨበው ሰውዬ?»

ይህን ለሰው ስነግረው ደስ ይለዋል። «እንዴት ያለች ጀግና!» ይለኛል፤ የሰማ ሁሉ ልቡ ሞልቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔን ያቃጥለኛል። ጀግንነት ደስ የሚለው ከሩቅ ለሚሰማው ነው። በመስከረም እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ፣ ለተብርሃን የፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ ከእናቷ ጋር በር ላይ ተሰልፋ ነበር። የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር ሥራዋ። አልፎ አልፎ ከፈረቃ በኋላ ወደ አባቴ ሻሂ ቤት ትመጣለች። አባቴ ሻሂዋን ስኳር አብዝቶ ያቀርብላታል፤ ሒሳብ ልክፈል ብትለው ግን አይሰማትም። ውሎ አድሮ እሷም እኛን አልሰማ አለች። ማሽኖቹ ጆሮዋን እየወሰዱት ነበር፤ ስታወራ ትጮኻለች፣ ሳታውቀው። የአቶ ዘውገ የእህት ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ብርዱም ምግቡም አልተስማማትም ተባለና ዓመቱ ሳያልቅ ወደ እናቷ ተመለሰች። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ሌላ ልጅ አልላኩም፤ ማን ትዝ ብሎት።

ዘመኑ ሲከፋ አባቴ ሻሂ ቤቱን ዘግቶ ወደ ወሎ መለሰን። ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ለመምህራን ሥልጠና ሄጄ አቶ ዘውገን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። አርጅቷል፤ ከዘራው አሁን ለእውነት ያስፈልገዋል። «አንቺ የሻይ ሻጩ ልጅ አይደለሽም? ያቺ ልጅ ባታበላሽብን ኖሮ እንዴት ያለ በዓል ነበር!» አለኝ።

«ጋሽ ዘውገ፣ ቁጥሩ እኮ ከኋላ አይነበብም ነበር» አልኩት።

«ይነበባል!» አለ። «ያላነበቡት ሰውየው ናቸው እንጂ ይነበባል።»

ሲሞት የትምህርት አባት ተብሎ ተቀበረ። ሰው ስለሌለ ነው እንዳልል፣ ሰውማ ሞልቶ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወደ አስመራ ስልክ በተከፈተ ሰሞን፣ ፈልጌ ፈልጌ ለተብርሃንን አገኘኋት። ማይ ተመናይ በሚባል ሰፈር ከሴት ልጇ ጋር ነው የምትኖረው። እኔ የምለውን ልጅቷ ጆሮዋ ላይ እየጮኸች ታደርስላታለች። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለሞቱት ተጠያየቅን። ሚስተር ቶማስ ከበዓሉ በኋላ በዓመቱ ወደ ሀገሩ መሄዱን እሷ ነገረችኝ፤ ሊሰናበታት ፋብሪካው በር ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ በድንገት እንዲህ አለችኝ።

«እቲ ሰብኣይ፣ ያ ሰውዬ፣ አቶ ዘውገ... በመጨረሻ ገባው?»

«አልገባውም!» ብዬ ጮህኩ። «ሳይገባው ሞተ!»

ልጅቷ አስተላለፈችላት። ከዚያ ለተብርሃን፣ ከልቧ አዝና፣ «ምስኪናይ» አለች። «ዕድሜውን ሙሉ? ምስኪን።»

ስለ ሌላ ነገር አውርተን ተሰነባበትን። ዛሬ እዚህ ደሴ፣ ደመናው ጦሳ ተራራ ላይ ወርዶ፣ ቤቱ ፀጥ ብሎ ተቀምጬ አሁንም ያቺ ቃል ትከነክነኛለች። እሷ አዘነችለት። ጆሮዋን፣ ወጣትነቷን፣ ልትሆነው ትችል የነበረውን ሁሉ የከፈለችው እሷ ናትና፣ ከፈለገች ታዝንለት። እኔ ግን ምንም አልከፈልኩም፤ ማዘኑ የኔ ድርሻ አይደለም። ይቅርታው የሷ ይሁን። ንቀቱን እኔ እይዝላታለሁ።